አዲሱ ጌም ለምን ደበራችሁ? ጥፋቱ የጌሙ ነው ወይስ የጣታችሁ?

የእግር ኳስ ጌም የምትወዱ ከሆነ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» እያለ ሲያወጣው የኖረውን፣ እኛ ባጭሩ «ፔስ» የምንለውን ጌም ስሙን ቀይሮ «ኢፉትቦል 2022» ብሎ የለቀቀበት ቀን ነው። ጌሙ በነጻ ነበር የወጣው። ያም ሆኖ በሰዓታት ውስጥ ማኅበራዊ ሚዲያው በሳቅና በቁጣ ተሞላ። ፊታቸው የተጣመመ ኮከቦች፣ አሯሯጣቸው የሚያስቅ ተከላካዮች የታዩባቸው ቪዲዮዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ተጫዋቾች የሰጡት አስተያየት በመደብሩ ከታዩት እጅግ ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል ነበር። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀ።

እሺ፣ ጌሙ ችግር ነበረበት፤ በዚህ ላይ አንከራከርም። ግን ይህን ያህል ያልተበላሹ ጌሞችም በየዓመቱ ይወጣሉ፤ የቆዩ ወዳጆቻቸው ግን ግማሽ ሰዓት ተጫውተው ጆይስቲኩን ያስቀምጡና «ይሄ እኮ የድሮው አይደለም» ይላሉ። ያንኑ ጌም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ልጅ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በደስታ ይዘላል። የሚያዩት ስክሪን አንድ፣ የሚነኩት ቁልፍ አንድ፤ ስሜታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? መልሱ ከፊሉ ጭንቅላታችሁ ውስጥ፣ ከፊሉ ጣታችሁ ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ በእርግጥም ጌሙ ውስጥ ነው። ሦስቱን መለየት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ቅሬታ ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር እንይ።

ያልመጣው ጭማቂ

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቮልፍራም ሹልትስ የተባለ ተመራማሪ በስዊትዘርላንዱ ፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዝንጀሮዎችን አንጎል ያጠና ነበር። ዶፓሚን የሚያመነጩ የነርቭ ሴሎች መቼ እንደሚነቁ በቀጭን ኤሌክትሮድ እየለካ ለእንስሳቱ ጠብታ ጭማቂ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ ሴሎቹ ይነቃሉ። ይሄ አይገርምም። ከዚያ ግን ጭማቂው ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ምልክት እንዲታይ አደረገ። እንስሳቱ ምልክቱ ምን እንደሚያመለክት ሲገባቸው ሴሎቹ የሚነቁት ምልክቱ ሲታይ ብቻ ሆነ። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም! የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ አዲስ ዜና አይደለም።

ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር፣ ሴሎቹ ጭማቂው መምጣት በነበረበት ሰዓት ላይ ከመደበኛቸው በታች ጸጥ አሉ። አስቡት፤ በዚያች ቅጽበት ምንም ነገር አልተከሰተም። ብርሃን የለም፣ ድምፅ የለም፣ የሚያም ነገር የለም። አንጎል ግን ምንም አለመከሰቱን በሰዓቱ መዝግቧል። ሹልትስ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን የትንበያ ስህተት ብለው አብራሩት፤ ካገኘኸው ላይ የጠበቅኸው ሲቀነስ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» የሚሉ ቪዲዮዎችን ብዙም አትመኗቸው። እዚህ የምታዩት ሥራው ደስታን ከመስጠት ይልቅ ሒሳብ ማወራረድ ይመስላል።)

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ አብረን እንሥራው። አንድ ጌም ከ10 የ7 ያህል ደስታ ይሰጣል እንበል። 9 የጠበቀው ሰው ውጤቱ −2 ነው፤ 4 የጠበቀው ደግሞ +3። አንዱ ያዝናል፣ ሌላው ይጨፍራል፤ ጌሙ ግን ያው 7 ነው። ስለዚህ «ደበረኝ» ስትሉ የጌሙን ነጥብ እየተናገራችሁ አይደለም፤ የሁለት ቁጥሮችን ልዩነት ነው። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ጌሙ ከመከፈቱ በፊት እናንተ ጋ የነበረ ነው።

አንጎል እንዲህ ያለውን ስህተት ዝም ብሎ አይተወውም፤ ቀጣዩን ግምቱን በከፊል ያርመዋል። በየጊዜው የስህተቱን 30 በመቶ ያርማል ብንል፣ 9 የነበረው ግምት ከመጀመሪያው ቀን በኋላ 8.4 ይሆናል፣ ከሁለተኛው በኋላ 7.98፣ ከሦስተኛው በኋላ 7.69 ገደማ። እንዲህ እያለ ወደ 7 ይጠጋል፤ የቅሬታውም መጠን በየቀኑ ይቀንሳል። ይህን ዓይነቱን ስሌት ሮበርት ሬስኮርላ እና አለን ዋግነር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1972 እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ ለማስረዳት አቅርበውታል። የመጀመሪያው ቀን ንዴት ለምን እንደሚበርድ በከፊል የሚነግራችሁም ይኸው ነው። ጌሙ ስለተሻሻለ ላይሆን ይችላል፤ የእናንተ 9 ወርዶ ሊሆን ይችላል።

9 ከየት መጣ?

ከማስታወቂያው ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ትሬይለር የሚሠራው ከጌሙ ምርጥ ሰከንዶች ነው። በኢፉትቦል ላይ ደግሞ የመጠበቂያው ጊዜም ረዝሞ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኮናሚ አዲስ ጌም አልሠራም፤ የቀድሞውን ጌም ተጫዋቾችና ማሊያ አድሶ በቅናሽ ሸጠና ኃይሉን ለሚቀጥለው ትውልድ ጌም እያዋለ መሆኑን ተናገረ። እንግዲህ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ትልቁ ምንጭ ግን ትዝታ ነው። ቴረንስ ሚቸልና ሊ ቶምፕሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ሰዎችን ከጉዞ በፊት፣ በጉዞው መሃል እና ከጉዞው በኋላ ስለ ጉዟቸው ጠየቁ። ከጉዞዎቹ አንዱ በካሊፎርኒያ የተደረገ የሦስት ሳምንት የብስክሌት ጉዞ ነበር። ሰዎቹ በጉዞው መሃል ከሰጡት ግምገማ ይልቅ ከፊቱም ከኋላውም የሰጡት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዝናቡና ድካሙ ቶሎ ይረሳል፤ የቀረው ያምራል።

አሁን የምትወዱትን የድሮ ጌም አስቡ። የምታስታውሱት የመጀመሪያውን ሳምንት ነው? ኳሷን ወደ ራሳችሁ ግብ ስታቀብሉ የነበረበትን? አይመስለኝም። የምታስታውሱት ጣታችሁ ከተፈታ በኋላ ያለውን፣ በ90ኛው ደቂቃ ያገባችሁትን፣ ከኋላ ቆመው የጮኹትን ጓደኞቻችሁን ነው። ስለዚህ ውድድሩ ገና ከጅምሩ ሚዛናዊ አይደለም። በአንድ በኩል የአዲሱ ጌም የመጀመሪያ ሰዓት ከነስህተቱ አለ፤ በሌላ በኩል ከሁለት ዓመት ጨዋታ የተመረጡ አሥር ደቂቃዎች።

አንድ የስታትስቲክስ ጉዳይም አለ፤ እሱን በዳይስ ማየት ይቻላል። ሁለት ዳይስ ወርውሩ። ድምሩ 12 ከመጣላችሁ ተደሰቱና እንደገና ወርውሩ። ሁለተኛው ውርወራ ከ12 የመብለጥ ዕድሉ ዜሮ ነው፤ እኩል የመሆን ዕድሉ ከ36 አንድ፤ የማነስ ዕድሉ ከ36 ሠላሳ አምስት። ዳይሱ አልተበላሸም፣ የሚወረውረው ሰውም አልሰነፈም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ያየው ይህንኑ ነው፤ በጣም ረጃጅም ወላጆች ልጆቻቸው በአማካይ ከእነሱ ያጥራሉ። ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። አንድን ተከታታይ ጌም የወደዳችሁት ምናልባት አንዱ ዕትም ድንቅ ሆኖ ስላገኛችሁት ነው። ከድንቁ ቀጥሎ የሚመጣው ተራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ማንም ምንም ባያጠፋም። እርግጥ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ዳይስ አይደሉም፤ ካለፈው ይማራሉ። ግን ዕድልና አጋጣሚም ከሥራው ውስጥ አይጠፉም።

ጣት የሚያውቀው፣ አፍ የማይናገረው

እስካሁን ያልነው ስለ ፊልምም ስለ መጽሐፍም ቢሆን ይሠራል። ጌም ግን በእጅ ነው። በሌላ በማንኛውም መዝናኛ የሌለ ጣጣ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

ራሳችሁን ለመኮርኮር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አይሠራም። ምክንያቱም አንጎላችሁ እጃችሁን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማችሁን አስቀድሞ ይተነብያል፤ የተነበየውንም ያደበዝዘዋል። ከጭንቅላታችን በስተኋላ፣ ከታች በኩል ያለው ሰርቤለም የተባለው የአንጎል ክፍል በዚህ ሥራ ዋና ተሳታፊ ነው። ጆይስቲክ ስትይዙም እንዲሁ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ኳሷ መቼ ከእግር እንደምትወጣ አንጎላችሁ አስቀድሞ ያውቃል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ቅብብሎች ተምሮታል። «መቼ» ስል ደግሞ በጣም ትንንሽ ጊዜያትን ማለቴ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም አንዱ ምስል 17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ቁልፉን ከመጫናችሁ ተጫዋቹ እስኪንቀሳቀስ ጥቂት ምስሎች ያልፋሉ። ይህን መዘግየት ማንም በአፉ አይነግራችሁም፤ ጣታችሁ ግን ያውቀዋል።

ዳግላስ ካኒንግሃም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ሙከራ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ በማውስ እየመሩ አንዲትን ትንሽ አውሮፕላን በስክሪን ላይ ባሉ እንቅፋቶች መሃል ያሳልፋሉ፤ ጌም ነው በሉት። ተመራማሪዎቹ በማውሱና በአውሮፕላኗ መካከል መዘግየት ጨመሩ፤ ጠቅላላው ከሩብ ሰከንድ ትንሽ የሚያንስ ሆነ። በመጀመሪያ ሁሉም እየተጋጨ አስቸገረ። ከልምምድ በኋላ ግን አንጎላቸው መዘግየቱን ለመደና በደንብ ማሳለፍ ጀመሩ። ከዚያ መዘግየቱ ተነሳ። ማለትም ጌሙ ተሻሻለ! ውጤታቸው ግን ወረደ። ጭራሽ አውሮፕላኗ እጃቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት የሄደች የመሰላቸውም ነበሩ።

ይህን ወደ ፔስ መልሱት። ከፔስ 2014 እስከ ፔስ 2021 ጌሙ የተሠራው ፎክስ ኤንጂን በሚባል የኮናሚ ሶፍትዌር ነበር። ለኢፉትቦል ግን ኩባንያው አንሪል ኤንጂን ወደተባለው ሌላ ሥርዓት ተሻገረ። ኤንጂን ሲቀየር የተጫዋቾቹ አዟዟር፣ የኳሷ ክብደት፣ ቁልፍ ሲጫኑ የሚያልፈው ጊዜ፣ ሁሉም በጥቂቱ ይለወጣል። አንዱም ለውጥ መጥፎ ባይሆን እንኳ የለመደ ጣት በሁሉም ላይ ይሳሳታል። ኳሷ «ከባድ» ትሆናለች፤ ተጫዋቹ «በጭቃ የሚሮጥ» ይመስላል። አዲሱ ልጅ ግን የሚረሳው ልማድ ስለሌለው ይዝናናል። ጎበዝ የነበረው የበለጠ ይናደዳል፤ ብዙ የሚያጣው እሱ ነውና።

በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች የቆየ ፔስ የአዲሱ ዓመት ዝውውር ተጭኖበት ሲጫወቱበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዋጋው፣ የማሽኑ ዕድሜ፣ የኢንተርኔቱ ነገር፣ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን «የተሸነፈ ይከፍላል» በሚባልበት ቤት የጣት ልምድ ራሱ ሀብት መሆኑንም አትርሱ። አዲስ ዕትም ገባ ማለት የሰፈሩ አንበሳ ከነገ ጀምሮ እንደ ማንም ይከፍላል ማለት ነው።

በእርግጥም የተወሰደው

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። «ችግሩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው» ብሎ ሁሉንም ቅሬታ ማጣጣል ይቻላል፤ ለሻጮችም በጣም ይመቻል። ልክ ግን አይደለም። ኢፉትቦል 2022 ሲወጣ ከኢንተርኔት ውጪ ከጓደኛ ጋር ለመጫወት የሚመረጡት ክለቦች 9 ብቻ ነበሩ። ማስተር ሊግ አልነበረም፤ ያ ካስቶሎና ሚናንዳ በሚባሉ በእውኑ ዓለም በሌሉ ተጫዋቾች ጀምራችሁ ቡድናችሁን ዓመት ከዓመት የምትገነቡበት ጨዋታ ማለቴ ነው። ይህ ትዝታ የፈጠረው ቅሬታ አይደለም፤ ቆጥሮ ማሳየት ይቻላል።

እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ለምን በጣም እንደሚያም ደግሞ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አሳይተዋል። ሳንቲም እንወርውርና ከተሸነፍክ 100 ብር ትከፍላለህ፣ ካሸነፍክ ስንት ብሰጥህ ትስማማለህ? ብትሉት ሰው 110 ሲሏችሁ እሺ ብሎ አይጫወትም። በእነሱ ስሌት ኪሳራ ከተመሳሳይ ትርፍ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ መጠኑ እንደ ሁኔታው ቢለያይም። ጌም ላይ ስታዩት የተጨመረው አዲስ ግራፊክስ ትርፍ ነው፣ የጠፋው ማስተር ሊግ ኪሳራ ነው። አንድ ነገር ጨምሮ አንድ ነገር የወሰደ ጌም በተጫዋቹ ሚዛን እኩል አይወጣም። አዲስ ለሆነው ልጅ ግን ያላየው ነገር ስለሆነ የጠፋው ኪሳራ አይደለም፤ ዝም ብሎ የሌለ ነገር ነው።

እንዴት ትለያላችሁ?

ይህን በራሳችሁ ላይ መሞከር ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀት ነው። አዲሱን ጌም ከመክፈታችሁ በፊት ከ10 ስንት እንደምትጠብቁ ጻፉና አጥፋችሁ አስቀምጡት። ከተጫወታችሁ በኋላ መጻፍ አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ ትዝታችሁ «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ማለት ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የከፋችሁን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ፤ «ደበረኝ» ሳይሆን «ረጅም ኳስ ስሰጥ ሁልጊዜ ያልፍብኛል»፣ «ዝናብ የለም»፣ «የምወደው ቡድን የለም» እያላችሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ተጫወቱና ዝርዝሩን መልሳችሁ አንብቡ።

አንዳንዱ ከዝርዝሩ ላይ በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ረጅሙ ኳስ ማለፉን ትቷል፤ ያ የጣታችሁ ነበር። እርግጠኛ ለመሆን የድሮውን ጌም አንድ ጊዜ ክፈቱት። እሱ ራሱ ቀለል ያለ ወይም የተጣደፈ ሆኖ ከታያችሁ፣ መዘግየቱ እንደተነሳበት እንደዚያ ሙከራ ተሳታፊዎች ሆናችኋል፤ እጃችሁ ወደ አዲሱ ተሻግሯል። ከዚያው ከድሮው ጌም ፊት ቁጭ እንዳላችሁ ትዝታችሁንም መፈተን ትችላላችሁ። ዳኛው በማይረባ ፋውል ሲያስቆማችሁ፣ በረኛው የያዘውን ሲለቅ፣ ያኔም እንዲህ ነበር እንዴ? ከሁለት ሳምንት በኋላም ከዝርዝሩ ላይ ያልጠፋው ግን የእናንተ አይደለም፤ የጌሙ ነው። ለሠሪዎቹ ልትጽፉ ብትፈልጉ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ምን ቀረ፣ የት፣ መቼ ብሎ ለይቶ። «አበላሻችሁት» የሚል መልእክት ለሚያነበው ፕሮግራመር ምን እንደሚያስተካክል አይነግረውም።

የኮናሚ ትልቁ ማሻሻያ በኅዳር ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ዘግይቶ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. 1.0.0 በሚል ቁጥር ወጣ። ተከላካይ ጓደኛን ጠርቶ ባለኳሱ ላይ ጫና ማስደረጊያው ትእዛዝ የገባው በዚያ ጊዜ ነው፤ የድሮ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣታቸው ሲፈልገው ያጣው ነገር። ካስቶሎና ሚናንዳ ግን ያን ጊዜም አልመጡም።